ስሙን ቄስ ይጥራው

አምስት ሰዎች በአንድ ጥያቄ ሦስት ወር ተጨቃጨቅን። ጥያቄው ሲሰሙት ተራ ነው፦ በአማርኛ የምናዘጋጀው የፍጡራን መጽሐፍ በምን ቅደም ተከተል ይደርደር? አራቱ ጓደኞቼ "በሀ ሁ ነዋ፣ ሌላ ምን አለ?" ይላሉ። እኔ አይሆንም እላለሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጭቅጭቅ የእኔ ወገን ነው። ሚዛናዊ ነው ብዬ አላሞኛችሁም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዷ ነጋዴ፣ አንዱ ደብተራ፣ አንዱ ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር። መሪው "መሽቷል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ማዶ እሳት ይታያል" ይላል። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ያጠራጠረውን ዳይስ ይወስነዋል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ወላጅ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። መንገድ ላይ ለተጫዋቾቹ የሚገጥሟቸው ፍጡራን የሚመዘገቡበት መጽሐፍ ደግሞ፣ ከመመሪያው ቀጥሎ መሪው ከእጁ የማይለየው ነው።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጓደኛችን ቤት እንጫወታለን። ለዓመታት የተጫወትነው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን አንዷ "ይሄ ሁሉ ጎብሊን ከየት መጣብን? የእኛዎቹ የት ሄዱ?" አለች። ሥራው በዚያው ምሽት ተጀመረ። ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ መዝገቡን የማደራጀው እኔ ሆንኩ። ጅብ፣ ዘንዶ፣ ጭራቅ፣ ዛር፣ ቆሌ፣ አድባር፣ ጅኒ፣ የቀትር ጋኔን፣ ወርዘልያ እያልን ሰንጠረዡ ከመቶ መስመር አለፈ። ከዚያ "በል በፊደል ተራ ደርድረውና እንገላገል" ተባልኩ። ጠቡም ተጀመረ።

መጽሐፉ የሚከፈተው መቼ ነው?

ኢንጂነሪንግ ስማር ከተማርኩት ብዙውን ረስቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልረሳሁም፦ መረጃ ከማደራጀትህ በፊት፣ ማን፣ መቼ፣ ምን በእጁ ይዞ እንደሚፈልገው ጠይቅ። ዳታቤዝ ላይ ላለ ሰንጠረዥ የፈለግከውን ያህል ማውጫ ማበጀት ትችላለህ፤ ረድፎቹ ራሳቸው ዲስኩ ላይ የሚቀመጡበት ተራ ግን አንድ ብቻ ነው። የታተመ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ከኋላው አሥር ማውጫ መጨመር ይቻላል፤ ገጾቹ ግን አንዴ ከተሰፉ ተሰፉ። ያችን አንዲት ተራ ለምን ጉዳይ እንደምናውላት ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

ታዲያ የፍጡራን መጽሐፍ የሚከፈተው መቼ ነው? ሁለት ጊዜ። አንደኛው መሪው ለቅዳሜ ሲዘጋጅ። ሁለተኛው በጨዋታው መሃል፣ ተጫዋቾቹ ያልታሰበ መንገድ ሲይዙ፣ አራት ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው። በሁለቱም ጊዜ መሪው በእጁ ያለው ስም አይደለም። ሁኔታ ነው። "ሌሊት ነው፤ ወንዝ ዳር ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ወደ ኋላ ቀርቷል። ምን ይምጣበት?" ስሙን ቢያውቀውማ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የፊደል ተራ የሚያገለግለው ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅን ሰው ነው። የሚያውቀውን የሚያግዝ፣ የማያውቀውን በር ላይ የሚያስቀር ተራ።

"በፊደል" ሲሉ በየትኛው?

ጓደኞቼ የፊደል ተራን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነው የሚያዩት። የራሱ የጨዋታው ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጌሪ ጋይጋክስ "ሞንስተር ማንዋል" በ112 ገጽ ከ350 በላይ ፍጡራንን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደረደረ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። በ1989 ደግሞ አሳታሚዎቹ መጽሐፉን በቀለበት ማኅደር አወጡት። ቅጠሎቹ የሚነቀሉ የሚሰኩ ናቸው፤ አዲስ ፍጡር ሲመጣ በተራው ይሰካል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ችግሩ በአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ የተለያዩ ፍጡራን መታተማቸው ነው፤ ፊቱን በተራው ስትሰካው ጀርባው ተራውን ይስታል። በ1993 ወደ ተሰፋ መጽሐፍ ተመለሱ። በ2014ቱ እትም አጋንንቱና ድራጎኖቹ በቤተሰብ በቤተሰብ ተሰበሰቡ፤ በ2025ቱ እትም ቤተሰቡ ፈርሶ እያንዳንዱ እንደገና በየስሙ ተበተነ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ወዲያና ወዲህ ማለት! የተፈጥሮ ሕግ እንዲህ አይዋዥቅም።

ይህ እንግዲህ ሃያ ስድስት ፊደል ያላቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ "በፊደል" የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። በሀለሐመ ነው በአበገደ? ቀልድ አይደለም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት ሲታተም የተከተለው የአበገደን ተራ ነው። ትምህርት ቤት ሀ ሁ ብሎ ያደገ ሰው ያንን መጽሐፍ ሲከፍት መጀመሪያ ይጠፋበታል።

ሀለሐመ ይሁን ብንል እንኳ፣ ሞክሼዎቹ አሉ። "ዐይነ ጥላ" የሚለውን ውሰዱ። አንዱ በዐ፣ አንዱ በዓ፣ አንዱ በአ ይጽፈዋል፤ ሦስቱም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር በቁጥሩ ሲደረድራቸው ግን በአ እና በዐ መካከል የከ፣ የኸ እና የወ ቤተሰብ በሙሉ ይገባል። መሪው ከአራት ሰው ፊት ቆሞ "ፍጡሩን የጻፈው ሰው በየትኛው ዐ ነው የጻፈው?" ብሎ ሊጠይቅ ነው? ለዲጂታሉ ቅጂ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፌአለሁ። ወረቀት ላይ ግን ኮድ አይሮጥም።

ይህንን ሁሉ ስናገር አንዱ ጓደኛዬ "እሺ፣ አጻጻፉን አንድ ወጥ እናደርገዋለን፣ አለቀ!" አለኝ። አላለቀም። ዋናው ችግር አጻጻፉ አይደለም።

ስሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው

ያደግኩት ኩታበር ነው፤ ከደሴ ወደ ተንታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ብርዱ የሚያንገበግብ ደጋ። መዝገቡን ስንሞላ አንድ ነገር ጎደለኝ። ልጅ ሆኜ ማታ አመድ መድፊያው ጋ እንዳልሄድ የምከለከለው በምን ምክንያት እንደሆነ ትዝ ይለኛል፤ እዚያ የሚኖረው ነገር ስሙ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አያቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ፣ ያ አመድ መድፊያው ጋ ያለው ስሙ ማነው?"

"ስሙን ቄስ ይጥራው! አንተ ብቻ አመዱን በቀን ድፋ።"

አያቴ ሙስሊም ናት። አምስት ወቅት ሰላት የማታጓድል ሙስሊም። ግን ወሎ ነው፤ ስሙን የሚጠራው ቄስ ነው። ሳቅኩና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እኔ የጠየቅኳት የመጀመሪያውን አምድ ነው፤ እሷ የመለሰችልኝ የመጨረሻውን። ስም ጠየቅኳት፤ የት፣ መቼ እና ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ስሙ ደግሞ ጭራሽ የማይነሳ ነው።

ልጅ ሆኜ የተማርኩት ሁሉ እንዲህ ነበር። ሙቅ ውሃ ደጅ ስትደፋ ቢስሚላሂ በል። በቀትር ወንዝ ዳር ብቻህን አትተኛ። ሌሊት ከውጭ ሲጠሩህ በአንድ ጥሪ አቤት አትበል። በሦስቱም ውስጥ ስም የለም። ሦስቱም ግን ሙሉ መረጃ ናቸው፤ ቦታ፣ ሰዓት፣ ድርጊት። ሰው የሚፈራውን ነገር በአእምሮው ያደራጀው እንዲህ ነው፤ ምክንያቱም ያ ነገር የሚያገኘው ስሙን ጽፎ ደረቱ ላይ ለጥፎ አይደለም።

ሌሊት ከውጭ የሚጠራውን ነገር ትንሽ ልከተለው። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ፣ ጅብ ወደ እረኞች ማደሪያ ተጠግቶ የአንዱን ስም እንደሚያጠና፣ በስሙ ጠርቶ አውጥቶም እንደሚበላው ሲነገር የሰማውን መዝግቧል። የሰውን ድምፅ የሚያስመስል ሌላ አውሬም ጠቅሷል፤ አገሩንም ኢትዮጵያ ይለዋል፤ በዘመኑ ቃሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር የሚያጠቃልል ነበር። ያ አውሬ "ሉክሮታ" ተብሎ በ1977ቱ "ሞንስተር ማንዋል" ውስጥ በኤል ፊደል ሥር ገብቷል። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ተጉዞ አሜሪካ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ በፊደል ተራ ተቀመጠ። ጉድ እኮ ነው! የዚህ ፍጡር አስፈሪነት ሁሉ ያለው እሱ ስምህን ማወቁ፣ አንተ የሱን አለማወቅህ ላይ ነው። እኛ መጽሐፍ አዘጋጅተን ስሙን ከላይ በትልቁ ስንጽፍ ያንን ገለበጥነው።

ዛር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዛር የያዘውን ሰው የሚያየው ባለ ዛር በቅድሚያ ስሙን አያውቅም። ይጠይቃል፤ ያጫውታል፤ ይለምናል። ማነህ? ከየት መጣህ? ምን ትፈልጋለህ? ዛሩ ሲለፈልፍ ነው ስሙ የሚታወቀው፤ ከስሙ ጋርም የሚፈልገው፦ ላባው እንዲህ የሆነ ዶሮ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ ልብስ። ስሙ የሥርዓቱ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ይህን ሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ፣ ጉዳዩን ከቴአትራዊ ገጽታው በኩል ነው የሚያየው። ገጸ ባሕርይ ይዞ መናገር፣ የያዘህ ማን እንደሆነ በንግግር መገለጡ፣ ከበው የሚሰሙ ሰዎች መኖራቸው... ቅዳሜ ጠረጴዛ ዙሪያ የምናደርገውን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። እምነትና ጨዋታ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ስም መጨረሻ ላይ የሚገለጥበት ጥበብ በእጃችን እያለ ስምን መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ መኮረጅ ምን ይሉታል ነው የምለው።

በጉልበት ይሁን? በክልልስ?

ከፊደል ቀጥሎ የቀረበው ሐሳብ በጉልበት ደረጃ መደርደር ነበር። ደካማው ከፊት፣ ኃይለኛው ከኋላ። እያንዳንዱ ፍጡር ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ለየትኛው ተጫዋች ተገቢ እንደሆነ ይናገራል። የእንግሊዝኛው ጨዋታም እንዲህ ያለ ቁጥር አለው፤ ለውጊያ ደግሞ ይጠቅማል።

ግን አርዌን አስቡት። በአፈ ታሪካችን አገሩን የገዛው፣ ልጃገረድና ከብት የሚገበርለት እባብ። አንጋቦ እንዴት ገደለው? በጦር አልገጠመውም። የሚገበርለትን ያውቅ ነበርና መርዝ የጠጣች ፍየል ገበረለት። አርዌ በጉልበት ደረጃ ቢመዘን ከመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ተጫዋቾችም "ገና ነን" ብለው ያልፉታል። በሚፈልገው ቢመዘን ግን ፍየል ያለው ሰው ሁሉ ሊገጥመው ይችላል። ዛርን ማን በጎራዴ መታው? አድባርን ስንት ነጥብ ትሰጡታላችሁ? እነዚህ የሚለመኑ፣ የሚገበርላቸው፣ የሚታለፉ ናቸው። የጉልበት ቁጥር ሁሉንም ወደ ሚገደል ነገር ይለውጣቸዋል፤ የሚገደል ነገር ብቻ ያለበት መጽሐፍ ደግሞ የሚገድል ተጫዋች ብቻ ነው የሚያወጣው።

ሦስተኛው ሐሳብ ነው ያናደደኝ፦ በክልል። የአማራ ፍጡራን፣ የኦሮሞ ፍጡራን፣ የትግራይ፣ የሶማሌ... "ሁሉም የራሱን ያገኛል፤ ፍትሐዊ ነው" ተባለ። ወዳጄ፣ ለፍጡራኑም መታወቂያ እናውጣላቸዋ! አቴቴ የኦሮሞ ሴቶች ሥርዓት ስም ናት፤ አማርኛ በሚነገርበት ቤትም ትታወቃለች። የትኛው ምዕራፍ ውስጥ ልናስራት ነው? ዛር ጎንደር አለ፣ ሐረር አለ፣ ሱዳንና ግብፅም አለ። አያቴ ቢስሚላሂ ብላ ውሃ ደፍታ፣ ወዲያው ስሙን ቄስ ይጥራው ስትል የትኛው ወሰን ላይ ናት? የፍጡር አገሩ ወንዙ፣ ገደሉ፣ ደጁ ነው። ካርታ አያውቅም።

እኔ የምለው

መጽሐፉ በአምስት በሮች ይከፈል። አንደኛው በር ቤት ነው፤ የአራስ ቤት፣ የታማሚ አልጋ፣ ምሰሶው ሥር። ሁለተኛው ደጅ ነው፤ አመድ መድፊያ፣ በረት፣ አጥር ጥግ። ሦስተኛው መንገድና ገበያ። አራተኛው ውሃ፤ ወንዝ፣ ምንጭ፣ መሻገሪያ። አምስተኛው ጫካና ገደል። በየበሩ ውስጥ ደግሞ በሰዓት፦ ንጋት፣ ቀትር፣ ምሽት፣ ሌሊት። መሪው ተጫዋቾቹ የት እንዳሉና ስንት ሰዓት እንደሆነ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ሌላ ምንም ባያውቅ እንኳ። በዚህች ሁለት ዕውቀት ብቻ ትክክለኛው ገጽ ላይ ይደርሳል።

አንድ ፍጡር አንድ ሙሉ ቅጠል ይያዝ፤ ፊቱም ጀርባውም የእሱ ብቻ። የ1989ኙን ስሕተት መድገም የለብንም። በቅጠሉ ላይ የሚጻፈው ነገር ደግሞ በጠረጴዛው ላይ በሚፈለግበት ተራ ይጻፍ። ለናሙና የሞላሁትን አንድ ቅጠል ላሳያችሁ፦

በር፦ ደጅ። ሰዓት፦ ሌሊት።
ምልክቱ፦ ከአጥር ውጭ አንድ ሰው በስም ይጠራል። ድምፁ የሚታወቅ ሰው ነው። ውሻው አይጮኽም።
የሚፈልገው፦ አንድ ሰው ብቻውን እንዲወጣ።
የሚመልሰው፦ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አለማለት። ሁለት ሆኖ መውጣት። እሳት።
ቢሳሳቱ፦ የመለሰው ሰው ድምፁን ይነጥቀዋል፤ ነገ ሌሊት በዚያ ሰው ድምፅ ሌላውን ይጠራል።
ስሞቹ፦ ከቅጠሉ ግርጌ፣ በትንሹ።

ድምፅ መንጠቁን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለጨዋታ ነው። መሪው ግን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ለተጫዋቾቹ በሚነግርበት ቅደም ተከተል እያነበበ መሆኑን ልብ በሉ። መጀመሪያ ድምፁን ይነግራቸዋል። ስሙን ምናልባት ጭራሽ አይነግራቸውም።

የፊደል ማውጫው አልቀረም። ከመጽሐፉ ኋላ ይገባል፤ ሞክሼዎቹ ተቀላቅለው፣ ሁሉም አጻጻፍ ተመዝግቦ። የጉልበት ሠንጠረዡም ለሚዋጋ ከኋላ አለ። ሁለቱንም አልነፈግኳችሁም። ስፌቱን ነው የነፈግኳችሁ።

ይህን አዲስ ግኝት አድርጌ አላቀርበውም። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ፣ ፍሪትዝ ሆምል እ.ኤ.አ. በ1877 ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው፣ የአውሬና የአዕዋፍ መጽሐፍ ነው። በአንበሳ ይጀምራል፤ በፊደል ተራ አልተደረደረም። የእያንዳንዱን ፍጡር ጠባይ ይነግርሃል፤ ከዚያ ጠባዩ ለአንተ ምን ትርጉም እንዳለው። ክታቡንም እዩት። በክታብ ላይ የሚጻፈው የሱስንዮስ ጸሎት ሕፃናትን በምትገድለው በወርዘልያ ላይ ነው፤ የሚጻፈውም ለአንድ ሰው፣ ስሙ ገብቶበት፣ ለዚያ ሰው ችግር ነው። የእኛ ሰው ስለሚፈራው ነገር ሲጽፍ ሁልጊዜ የሚነሳው ከተፈራበት ሁኔታ ነው።

ፊደል የማይጠይቀው ጥያቄ

እስከዚህ ያነበበ ሰው "ለአንድ የጨዋታ መጽሐፍ ይሄ ሁሉ ንዴት?" ሊል ይችላል። ንዴቱ የመጣው ከሁለት መስመር ነው።

ሰንጠረዡን ለመሞከር በፊደል ተራ ስደረድረው፣ በ"በ" ሥር ሁለት ፍጡራን ተከታትለው ወጡ። ቡዳ፣ ከዚያ ባርያ። ባርያ በክታብ ላይ ከሌጌዎን ጋር አብሮ የሚጠራ የጋኔን ስም ነው። በአማርኛ ግን ሰው የተሸጠበት፣ ዛሬም ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። ቡዳ ደግሞ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ነው። ጓደኛዬ "ምልክቱ" የሚለው አምድ ሥር የሞላውን አነበብኩ፦ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ ወይም ቆዳ ፋቂ ነው።

ክፉ ሰው አይደለም። የሰማውን ነው የጻፈው። እኔ ግን አምስተኛ ክፍል ትዝ አለኝ። እናቷ ጀበናና ምጣድ የምትሠራ አንዲት ልጅ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ ዳቦውን እየበላ እያለ አየችው፤ በማግስቱ ሆዱን አመመው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። በሳምንት ውስጥ ከእሷ ጋር ዳቦ የሚበላ ጠፋ። እኔም ቦታ ቀየርኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ደብተሬን ሰብስቤ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቷን አቋረጠች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ ዴስክ ቀየርኩ።

አሁን ይህንን ከመደርደር ጋር ምን አገናኘው በሉ። የፊደል ተራ ማንንም አይጠይቅም። ስም ይዘህ ከመጣህ ያስገባሃል፤ ጅብም ሁን፣ ዘንዶም ሁን፣ የሸክላ ሠሪ ልጅም ሁን። ቡዳን በ"በ" ሥር ያለ አንዳች ጥያቄ አሳለፈው። በበር የሚደረደር መጽሐፍ ግን ይጠይቃል፦ ከየት ነው የሚመጣው? ይህንን ቅጠል ለመሙላት ስቀመጥ በር ለሚለው "ጎረቤት ቤት" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ምልክቱ ለሚለው የሰው ሙያ። የሚመልሰው ለሚለውስ? እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ቅጠሉ አልሞላም አለ፤ ምክንያቱም ፍጡር አይደለም፤ ሰው ነው። ጥሩ አደረጃጀት ማለት የማይገባውን ነገር ስታስገባ የሚያንቅህ ነው።

ጓደኛዬ "ጨዋታ ነው እኮ፤ ማንም አያምንበትም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኛ አምስታችን አናምንበትም። መጽሐፉ ግን ከእኛ ክፍል ይወጣል። ደሴ ይገባል፣ መካነ ሰላም ይገባል። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከፍታ የእናቷን ሙያ ከጭራቅ ቀጥሎ፣ ከነጉልበት ቁጥሩ ታገኘዋለች። ለእሷ ጨዋታ ነው በላት።

ጅቡ ይግባ። ድምፅ የሚሰርቀው፣ ደጅ የሚያደባው ጅብ ሙሉ ቅጠል ይገባዋል። ቡዳ ግን እንደ ፍጡር አይገባም፤ ባርያም በዚያ ስሙ አይገባም። ታሪኩን መጫወት ከፈለግን ከመጽሐፉ ኋላ እንደ አንድ ጀብዱ ይጻፍ፦ ልጅ ታሟል፤ መንደሩ ጥፋተኛዋን ለይቻለሁ ይላል፤ እስኪነጋ ጊዜ አላችሁ። በዚያ ጀብዱ ውስጥ የሚገደል ነገር የለም። የሚቆም ወሬ ነው ያለው፤ ከዘንዶ ይከብዳል።

አሁን ሁለቱ ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ናቸው። ሁለቱ "አሁንም በፊደል" ይላሉ፤ ቡዳ መውጣቱን ግን አራቱም ተቀብለዋል። እኔ የአምስቱን በሮች የሙከራ ቅጂ በወረቀት እያወጣሁ ነው፤ ቅጠል በቅጠል፣ አንድ ፍጡር በአንድ ቅጠል።

ከእናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አያት ያላችሁ ደውሉ። ስም አትጠይቋቸው፤ ስሙን ቄስ ይጥራው። የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳታደርጉ ይከለክሏችሁ እንደነበር ጠይቁና ጻፉት። መጽሐፉ የሚሞላው በዚያ ነው።